የላፕቶፕ ፋንን በሶፍትዌር ማዘዝ፦ የሚያበርደውና የማያበርደው

ላፕቶፑ ይግላል። ፋኑ ይጮኻል። ስራው ይንቀራፈፋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይሄ የደረሰበት ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ፋን የሚያፈጥን ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይጭናል፣ ፍጥነቱን እስከ ጥግ ይገፋዋል። ለአንዱ ይሰራለታል። ለሌላው ፕሮግራሙ ፋኑን ጭራሽ አያየውም። ለሦስተኛው ፋኑ ጆሮ እስኪበጥስ እየጮኸ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም።

ሦስቱም ውጤቶች ምክንያት አላቸው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ ሶፍትዌሩ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ፋኑ መቼ እንደሚነሳና ምን ያህል እንደሚፈጥን ይወስናል፣ በቃ። ስለዚህ ጥቅሙ የሚታየው ፋኑ ማድረግ እየቻለ ያላደረገው ነገር ካለ ነው። ፋኑ አቅሙን ጨርሶ ከሆነ፣ ወይም ሙቀቱ ፋኑ ጋ እየደረሰ ካልሆነ፣ የትኛውም ፕሮግራም አያድናችሁም።

ሙቀቱ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይቀየራል። በቀጫጭን የቢሮ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ለረጅም ስራ የተመደበለት ጉልበት ብዙ ጊዜ 15 ዋት አካባቢ ነው። ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሰሩት 45 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ግራፊክስ ካርድ ካላቸው እሱ ደግሞ ለብቻው ብዙ ዋት ይጨምራል። ይሄ ሁሉ ሙቀት የሚፈልቀው ከትንንሽ ቺፖች ነው።

ከዚያ ጉዞው ይጀምራል። ቺፑ ላይ ስስ ተደርጎ የተቀባ ቴርማል ፔስት የሚባል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት አለ። ከፔስቱ ላይ የመዳብ ሳህን ተጭኗል። ከሳህኑ ጋር ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ተያይዟል። ቱቦው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ በቺፑ ሙቀት ይተንና እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ሙቀቱን አራግፎ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፣ በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ተስቦም ወደ ቺፑ ይመለሳል። ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተው የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ። ፋኑ አየር የሚነፋው በነዚህ መሀል ነው።

እንግዲህ ፋኑ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ከሱ በፊት ያለው መንገድ ከተዘጋ ፋኑ ዝም ብሎ ንጹህ አየር ይነፋል። ይሄን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ላፕቶፑ ከባድ ስራ ላይ እያለ እጃችሁን አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያዙ። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ እያሳየ የሚወጣው አየር ብዙ ሆኖ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሙቀቱ ብረቶቹ ጋ እየደረሰ አይደለም። ጥርጣሬው ፔስቱ ላይ ነው፤ ደርቆ ወይም ከመሀል ተገፍቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የሚወጣው አየር በጣም ሞቃት ሆኖ ትንሽ ከሆነ ግን መተላለፊያው በአቧራ ታፍኗል። አየሩ ሞቃትም ብዙም ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፣ ስርዓቱ እየሰራ ነው። ፋኑ አቅም እያለው በዝግታ የሚዞር ከሆነ ደግሞ፣ ሶፍትዌር በእርግጥ ሊረዳችሁ የሚችለው እዚህ ጋ ነው።

ስንት ዲግሪ ነው "በጣም ሞቀ" የሚባለው?

ብዙ ሰው 80 ዲግሪ ሲያይ ይደነግጣል። አያስደነግጥም። ላፕቶፕ ምንም ሳይሰራ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በመደበኛ ስራ ከ60 እስከ 80 ይሄዳል። ከባድ ስራ ላይ 90 አካባቢ መድረስ በቀጭን ላፕቶፖች የተለመደ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የተሰጣቸው ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። የኤኤምዲዎቹ እንደ ሞዴሉ ከ95 እስከ 105 ይደርሳል።

ጣሪያው ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገማል። ትሮትሊንግ የሚባለው ይሄ ነው። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቮልቴጁን ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይረግባል። ላፕቶፑ ስታክ እያደረገ ያስመረራችሁ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መዝገሙም ካልበቃና ሙቀቱ ጣሪያውን አልፎ ከሄደ ቺፑ መብራቱን ቆርጦ ሁሉን ነገር ያጠፋል። ያ ድንገተኛ መጥፋት ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ራስን ማዳኛ ነው።

አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ለሁለት ሦስት ሰከንድ 85 ወይም 90 ዘሎ መመለሱም ችግር አይደለም። ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ፍጥነቱን ከፍ ሲያደርግ የሚመጣ ነው። የሚያሳስበው ሙቀቱ ላይ ወጥቶ እዚያው ሲቀመጥ ነው። ለዚያ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የምሳሳው ለባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ለወራት በጋለ ሳጥን ውስጥ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ አቅሙን ቶሎ ያጣል።

ፋኑን የሚያዘው ማነው?

ብዙዎች ዊንዶውስ ይመስላቸዋል። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ግን ፋኑን የሚያዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ኢምቤድድ ኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ቺፕ ናት። ባጭሩ ኢሲ ይሏታል። ይህቺ ቺፕ የራሷ ፕሮግራም አላት። ኪቦርዱን ታዳምጣለች፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ትጠብቃለች፣ የባትሪውን ቻርጅ ትከታተላለች፣ ፋኑንም ትነዳለች። ዊንዶውስ ቢቆልፍ እንኳ እሷ ስራዋን አታቆምም። ደህንነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኢሲዋ ውስጥ ፋብሪካው የጻፈው ሰንጠረዥ አለ። ሙቀቱ ይህን ያህል ሲሆን ፋኑ በዚህ ፍጥነት ይዙር የሚል። ፋብሪካዎች ይሄን ሰንጠረዥ ሲጽፉ ለድምፅ ብዙ ይጨነቃሉ፤ ገዢ በመጀመሪያው ቀን ጫጫታ ከሰማ ይጠላዋልና። ስለዚህ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ፋኑ ዘግይቶ ይነሳል። ፕሮሰሰሩ 80 እስኪያልፍ ድረስ ፋኑ የሚያንቀላፋባቸው አሉ። የፋን ሶፍትዌር ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ችግሩ ሰንጠረዡና ፋኑ የሚታዘዝበት አድራሻ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ፋብሪካዎቹም አይናገሩም። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፋን የሚቆጣጠሩት ቺፖች በጣም የታወቁ ናቸው። ስፒድፋን የሚባለው አንጋፋ ፕሮግራም ዴስክቶፕ ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ምንም ፋን የማያሳየው ለዚህ ነው። እሱ ራሱ ለዓመታት አልታደሰም። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ባትደክሙበት ይሻላል።

ፍጥነቱ የሚቀየርበት መንገድ ራሱ ቀላል ነው። ኮንትሮለሩ ለፋኑ የሚላከውን ኃይል በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ያበራል ያጠፋል። በርቶ የሚቆይበት ድርሻ ሲረዝም ፋኑ ይፈጥናል። በሌላ ሽቦ ደግሞ ፋኑ በዞረ ቁጥር ምልክት እየላከ ስንት ዙር በደቂቃ እንደደረሰ ይናገራል። ፕሮግራሙ ላይ "50 በመቶ" ስትሉ ትዕዛዙን እንጂ ዙሩን አይደለም የምትወስኑት። ግማሽ ትዕዛዝ የግድ ግማሽ ዙር አይሰጥም። ለማወቅ የዙሩን ቁጥር ማየት ነው።

የቱን ፕሮግራም?

የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ፋብሪካው የራሱ መሣሪያ ካለው ከሱ ጀምሩ። ሌኖቮ ቫንቴጅ፣ የአሱስ አርመሪ ክሬት፣ ኤምኤስአይ ሴንተር፣ የኤሰር ናይትሮሴንስና ፕሬዳተርሴንስ፣ የኤችፒ ኦሜን ጌሚንግ ሀብ፣ የዴል የራሱ የፓወር መቆጣጠሪያ አለ። አንዳንዶቹ ሙሉ ከርቭ፣ ማለትም በየሙቀቱ ፋኑ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስን መስመር፣ ያሳዩአችኋል። አንዳንዶቹ "ጸጥ ያለ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ" ብቻ ይላሉ። ከርቭ ባይኖራቸውም አትናቋቸው፤ ከፋኑ ጋር የሚነጋገሩት በትክክለኛው በር ነው፣ የፕሮሰሰሩን የዋት ገደብም አብረው ያስተካክላሉ። የጌም ላፕቶፖች ላይ ያለው ፋኑን በአንዴ ሙሉ የሚያደርግ ቁልፍም የፋብሪካው ስለሆነ ያለ ስጋት ተጠቀሙበት።

አሱስ ላላችሁ ጂ-ሄልፐር የሚባል ነጻና ቀላል ፕሮግራም አለ። የሚጠቀመው የፋብሪካውን የራሱን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ስለሆነ ኢሲውን በጉልበት አይነካም። ከአርመሪ ክሬት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የፋብሪካ መሣሪያ ለሌላቸው ዊንዶውስ ላፕቶፖች ኖትቡክ ፋን ኮንትሮል አለ። በቀጥታ ኢሲው ውስጥ ይጽፋል፤ ስለዚህ ለየሞዴሉ የተዘጋጀ የራሱ ፋይል ያስፈልገዋል። የእናንተ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ጥሩ። ከሌለ "ተመሳሳይ ይመስላል" ብላችሁ የሌላውን ሞዴል ፋይል አትሞክሩ። ኢሲዋ ባትሪና ማብሪያ ማጥፊያም የምታስተዳድር መሆኗን አትርሱ። በአንዱ ላፕቶፕ የፋን የሆነው አድራሻ በሌላው የምን እንደሆነ አይታወቅም። የዊንዶውሱ ስሪት ከታደሰ ቆይቷል፤ ለሊኑክስ እንደ አዲስ የተጻፈው ግን በእንክብካቤ ላይ ነው።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ነገሩ ሰፋ ይላል። ኤልኤም-ሴንሰርስ የሙቀቱን ቁጥር ያሳያል። ለሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ቲንክፋን አለ። የቲንክፓዱ ድራይቨር አሰራር በጣም ደስ ይለኛል። ፋኑን ከውጭ ማዘዝ ሲጀመር ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶ መክፈት አለበት። ከተከፈተ በኋላ ፋኑ ከዜሮ እስከ 7 ደረጃ አለው። የሰዓት ጠባቂም አለው። ጠባቂው ሲበራ ፋኑን የሚያዘው ፕሮግራም በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ቢበዛ በ120 ሰከንድ፣ ድምፁ ካልተሰማ ድራይቨሩ ፕሮግራሙ ሞቷል ብሎ የፋኑን ጥበቃ ያስነሳል። ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ ቢታሰብበት ጥሩ ነበር። ለዴል አይ8ኬ ዩቲልስ አለ፤ ብዙ የዴል ሞዴሎች ላይ ግን ባዮሱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፋብሪካው ፕሮግራም፣ ትዕዛዙን መልሶ ይነጥቃል፣ ፋኑም በሁለቱ መሀል ከፍ ዝቅ ይላል።

ማክ ያላችሁ ማክስ ፋን ኮንትሮል ይበቃችኋል። አንድ ሴንሰር (ሙቀት መለኪያ) መርጣችሁ ፋኑ ከስንት ዲግሪ ጀምሮ እንዲነሳና ስንት ላይ ሙሉ እንዲሆን ትነግሩታላችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ በኤም1 ቺፕ የመጣው ማክቡክ ኤር እና ተከታዮቹ ግን ፋን የላቸውም፣ የሚታዘዝም ነገር የለም።

ከርቩን መስራት

ከርቭ ማለት ከታች ሙቀት፣ ከጎን የፋን ፍጥነት ያለው መስመር ነው። ነጥቦችን ታስቀምጣላችሁ፣ ፕሮግራሙ ያገናኛቸዋል። ስራው ቀላል ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ተመልከቱ። የኮምፒውተሩን ቁጥሮች የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱና ሦስት መስመሮች ላይ ብቻ አተኩሩ፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በጊጋኸርዝ፣ የፋኑ ዙር በደቂቃ። ከዚያ አንድ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጉ እንበል። ሙቀቱ በሁለት ሰከንድ ከ52 ወደ 88 ይዘላል። ፋኑ ገና 2,200 ላይ ነው። 10 ሰከንድ ያልፋል፣ ሙቀቱ 96 ይነካል፣ ጊጋኸርዙ ከ3.8 ወደ 2.9 ይወርዳል። አሁን ፋኑ ተነስቶ 3,500 ይደርሳል። ቆይቶ 4,600። ሙቀቱ 91 ላይ ይረጋል። እዚህ ላይ ምን አያችሁ? ፋኑ አቅም ነበረው፤ የተነሳው ግን ፕሮሰሰሩ ከዘገመ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ በከርቭ ይጠቀማል።

መነሻ የሚሆን ከርቭ ልስጥ። እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ፋኑ ዝቅተኛው ፍጥነቱ ላይ ይሁን። 60 ላይ 35 በመቶ። 70 ላይ 55። 80 ላይ 80። 88 ላይ ሙሉ። ይሄ ለሁሉም ልክ አይሆንም፤ ቀጭን ላፕቶፕ ላይ መሀሉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ላይኛው ጫፍ ግን አይነካ፤ ፋኑ ከ90 በፊት ሙሉ ይሁን።

ከፋብሪካው ከርቭ በታች ዝቅ አታድርጉ። ለጸጥታ ብለው ፋኑን ዜሮ ላይ የሚቆልፉ ሰዎች አሉ። ላፕቶፑ ውስጥ ሙቀት ያለበት ፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም። ኃይል የሚያስተላልፉት ክፍሎች፣ ኤስኤስዲው፣ ባትሪው ሁሉም ከሚያልፈው አየር ይጠቀማሉ፤ ለብዙዎቹ ደግሞ ከርቩ ላይ ሴንሰር የላቸውም።

ቀጥሎ ሂስተሬሲስ የሚባለው ቅንብር አለ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፣ እኔ ግን ከከርቩ እኩል ነው የማየው። ትርጉሙ ፋኑ ከተነሳ በኋላ ለመውረድ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ መቀነስ አለበት የሚል ነው። ይሄ ከሌለ፣ 60 ላይ ፋኑ ይነሳል፣ 59 ሲሆን ይወርዳል፣ 60 ሲሆን ደግሞ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ውይ ዝም፣ ውይ ዝም። ጆሮ የሚያሰለቸው ከፍ ያለ ድምፅ ሳይሆን የሚቀያየር ድምፅ ነው። ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ልዩነት ስጡት። ፕሮግራሙ የጥቂት ሰከንዶችን አማካይ የመውሰድ አማራጭ ካለው እሱንም አብሩት፤ ያቺ የሁለት ሰከንድ ዝላይ ፋኑን እንዳታስበረግገው።

ደግሞ ሁልጊዜ 100 በመቶ ላይ ማስሮጥ ትርፉ ትንሽ ነው። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚነፋው አየር እጥፍ ይሆናል፣ የሚበላው ኃይል ግን ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፣ ድምፁም ወደ 15 ዴሲቤል ይጨምራል። ሙቀቱ በዚያ ልክ አይወርድም። የፋኑን ፍጥነት ከዝቅተኛ ወደ መካከለኛ ማምጣት ብዙ ዲግሪ ያወርዳል፤ ከከፍተኛ ወደ ሙሉ ማድረስ ብዙ ጊዜ የሚያወርደው ጥቂት ዲግሪ ነው። የፋኑ ማሽከርከሪያ ቶሎ ማለቁ ሲታከልበት አያዋጣም። ሙሉውን ለከባድ ስራ አስቀሩት።

ጌም የሚጫወቱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ አንድ ቱቦ ይጋራሉ። ከርቩ የሚያየው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ ከሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱ እየነደደ ፋኑ ላያውቅ ይችላል። ፕሮግራሙ ከሁለቱ ከፍ ያለውን እንዲከተል አድርጉ። ይሄን የማይችል ፕሮግራም ለጌም ላፕቶፕ አይሆንም።

ሊበላሽ የሚችለው

ትልቁ ስጋት ፕሮግራሙ ፋኑን ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንዳስቀመጠ መሞቱ ነው። ስለዚህ ከርቩን ካስተካከላችሁ በኋላ ፈትኑት። ላፕቶፑን አስተኝታችሁ ቀስቅሱት፣ ፋኑ ይታዘዛል? ፕሮግራሙን በግድ ዝጉት፣ ፋኑ ወደ ኦቶማቲክ ይመለሳል? ካልተመለሰ ያንን ፕሮግራም አትጠቀሙ። ሁለት የፋን ፕሮግራም አንድ ላይ ማሄድም አይሆንም፤ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ሌላው የደህንነት ነገር ነው። ፋንን በቀጥታ ለማዘዝ ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒውተሩ ጥልቅ ክፍል የሚያስገባ ድራይቨር ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ነጻ ፕሮግራሞች ዊንሪንግ ዜሮ የሚባለውን አሮጌ ድራይቨር ሲጋሩ ኖረዋል። ይሄ ድራይቨር ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ወደ ጥልቁ ክፍል እንዲገባ የሚያደርግ ቀዳዳ እንዳለው በፈረንጆቹ 2020 ተመዝግቧል። በ2025 የዊንዶውስ ዲፌንደር ይሄን ድራይቨር የያዙ ፕሮግራሞችን ማገድ ሲጀምር ብዙ ሰው የፋን መቆጣጠሪያው በድንገት ተከለከለበት። ማስጠንቀቂያው ከመጣባችሁ "ዝም ብሎ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ድራይቨሩን የቀየረ አዲስ ስሪት ካለ ፈልጉ፤ ከሌለ ፕሮግራሙን አጥፉ። ስታወርዱም ከሰሪው ገጽ ብቻ አውርዱ።

ፋኑን ሳይነኩ ሙቀቱን መቀነስ

ለብዙ ሰው ከፋን ፕሮግራም በላይ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ከሳጥኑ የሚወጣውን ሙቀት ከማሳደድ ይልቅ የሚፈጠረውን መቀነስ።

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። ከምትጠቀሙበት ፕላን የረቀቁትን ቅንብሮች ክፈቱ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ዘርጉ። ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለው 100 በመቶ ይላል። 99 አድርጉት። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ይህቺ የአንድ በመቶ ለውጥ ፍጥነቱን ከመነሻው በላይ የሚያወጣውን፣ ተርቦ ቡስት የሚባለውን ታጠፋዋለች። ለምሳሌ ኮር አይ5-8250ዩ መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ሲሆን በተርቦ እስከ 3.4 ይሄዳል። ያንን ተጨማሪ ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጅ መጨመር አለበት። የሚበላው ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል። ተርቦው ሲጠፋ ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለስብሰባ ይበቃል። ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለጌም ግን ፍጥነቱ በጣም ስለሚወርድ ያኔ ወደ 100 መልሱት። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቅንብር ተደብቋል፤ ከሌለ የፋብሪካውን "ጸጥ ያለ" ሞድ መምረጥ የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሲስተም ኩሊንግ ፖሊሲ የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። አክቲቭ ከሆነ ሙቀት ሲመጣ መጀመሪያ ፋኑ ይፈጥናል። ፓሲቭ ከሆነ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ይዘገያል። ፋኑ ጸጥ ብሎ ላፕቶፑ የሚንቀራፈፍባችሁ ከሆነ ይሄ ፓሲቭ ላይ እንዳልሆነ እዩ።

አንደርቮልቲንግ፣ ማለትም ፍጥነቱን ሳይነኩ ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠውን ቮልቴጅ በትንሹ መቀነስ፣ አንድ ሰሞን ምርጡ መላ ነበር። በታኅሣሥ 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ፕላንደርቮልት የተባለው ጥቃት ይፋ ሲሆን ግን ነገሩ ተቀየረ። ቮልቴጁን በሶፍትዌር በማወዛወዝ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል ታየ። ኢንቴል መዝጊያ አወጣ፣ ብዙ ፋብሪካዎችም በባዮስ አፕዴት በሩን ቆለፉት። ዛሬ የሚሰራው በተወሰኑ ሞዴሎች ላይ ብቻ ነው።

አልጋና ሶፋ ላይ አስቀምጦ መስራት የታችኛውን የአየር መግቢያ ይደፍናል። ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት፣ ከኋላ በኩል በሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት። ለዚህ ፕሮግራም አያስፈልግም።

አቧራው ደግሞ። አንድ ሁለት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ሲከፈት ፋኑ ራሱ ብዙ ላይቆሽሽ ይችላል። የሚያስደነግጠው ፋኑና ስስ ብረቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። አቧራው ከጨርቅ ክርና ከጸጉር ጋር ተጋግሮ መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል። ከውጭ በቀዳዳው ስታዩ አይታይም። ፋኑ 5,000 ዙር ቢዞርም አየሩ አይወጣም። በታመቀ አየር ስታጸዱ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይሁን፣ የፋኑን ምላስ በጣት ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ ያዙት፤ በአየሩ ኃይል ከአቅሙ በላይ ከተሽከረከረ ማሽከርከሪያው ይጎዳል።

ውጤቱን እንዴት እናውቃለን?

አንድ ከባድ ስራ ምረጡ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አሂዱት፣ ቁጥሮቹን ጻፉ። ለውጡን አድርጉና ያንኑ ስራ እዚያው ክፍል ውስጥ ድገሙት። የክፍሉ ሙቀት ሲጨምር የላፕቶፑም ይጨምራል፤ ፋን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም።

አሁን ሙቀቱን ብቻ አትዩ። ብዙ ሰው ይሄን ሁሉ ሰርቶ አሁንም 95 ዲግሪ ሲያይ "ምንም አልለወጠም" ብሎ ይተወዋል። ጊጋኸርዙን ይየው። በፊት 95 ላይ ሆኖ 2.6 ከነበረና አሁን 95 ላይ ሆኖ 3.0 ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ያገኘውን ተጨማሪ ቅዝቃዜ ለፍጥነት ተጠቅሞበታል። ስራው ቶሎ ያልቃል። ያ ትርፍ ነው። ሙቀቱን ራሱን ዝቅ ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከከርቩ በተጨማሪ የዋት ገደቡን ወይም ተርቦውን መንካት አለባችሁ።

ፋኑ ሙሉ ዙሩ ላይ ደርሶ፣ ጊጋኸርዙም ሙቀቱም ከበፊቱ ምንም ካልተለዩ፣ የሶፍትዌሩ ድርሻ አልቋል። የሚቀረው ከፍቶ ማጽዳትና ፔስቱን መቀየር ነው። ፋኑ እየፈጨ እንደሆነ ዓይነት ድምፅ ካለው፣ 100 በመቶ ታዞ ዙሩ ዜሮ ካሳየ፣ ወይም ላፕቶፑ ሲነሳ የፋን ስህተት የሚል ጽሑፍ ካወጣ ደግሞ ፋኑ ራሱ ሄዷል። በላፕቶፑ ትክክለኛ የሞዴል ቁጥር ፈልጋችሁ ቀይሩት። ፋኑና የመዳብ ሳህኑ አንድ ላይ ተያይዘው በሚወጡባቸው ሞዴሎች ላይ የድሮውን ፔስት ሙልጭ አድርጋችሁ አጽዱና አዲስ ቀብታችሁ ግጠሙት።